ስለ ሙያና ጾታ ያለን ስውር አድልዎ በሥልጠና ይለወጣል ወይስ በአሠራር?

ብርቱካን

ሰላም ለሁላችሁ። «ነርስ» ሲባል ሴት፣ «መካኒክ» ሲባል ወንድ ድቅን እንደሚልብን ብዙ ተብሎበታል። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሳናስበው የሚመጣው ይህ አድልዎ ይለወጣል ወይ? የሚለወጥ ከሆነስ በምን? ብዙ ድርጅቶች የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ሠራተኛውን በኮምፒውተር ያስፈትናሉ፣ ከዚያ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጥሩታል። ይህ ውጤት አለው? ከሌለውስ ነገ ቃለ መጠይቅ ያለበት የቅጥር ኮሚቴ ምን ይዞ ይግባ? እባካችሁ ማስረጃና ቁጥር ያላችሁ ጻፉ።

ሚሊሰከንድ

ብርቱካን፣ ከፈተናው ብንጀምር ይሻላል። ፈተናው ምን እንደሚለካ ሳይታወቅ «ተለወጠ፣ አልተለወጠም» ማለት አይቻልም። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በሰፊው የሚሠራበት አይኤቲ የሚባለው፣ ሁለት ነገሮችን በአእምሯችን ምን ያህል እንደምናያይዝ በፍጥነት የሚለካ የኮምፒውተር ፈተና ነው። አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ በ1998 አወጡት። ተፈታኙ ስክሪኑ መሐል ቃል ይመጣለታል፤ የግራ ወይም የቀኝ ቁልፍ እየተጫነ ይመድበዋል። ሰባት ዙር አለው። በመጀመሪያው የወንድና የሴት ስም ብቻ ይለያል። በሁለተኛው «ደመወዝ»፣ «ቢሮ» የመሰሉትን ወደ ሥራ፣ «ልጆች»፣ «ጋብቻ» የመሰሉትን ወደ ቤተሰብ ይመድባል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሁለቱ ይጣመራሉ፤ ወንድና ሥራ በአንድ ቁልፍ፣ ሴትና ቤተሰብ በሌላው። አምስተኛው ቦታ የተቀያየሩትን ቁልፎች ማለማመጃ ነው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ጥምረቱ ይገለበጥና ሴትና ሥራ አንድ ቁልፍ ይጋራሉ። የሚፈለገው በሁለቱ ጥምረቶች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በተለመደው ጥምረት በአማካይ በ780 ሚሊሰከንድ፣ በተገለበጠው ደግሞ በ920 መለሰ እንበል። ልዩነቱ 140 ነው። የሁሉም ምላሾቹ መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የሚበታተኑበት መጠን) 280 ከሆነ፣ 140 ለ280 ሲካፈል 0.5 ይመጣል። ከ0.15 በታች ዝንባሌ የለም ይባላል፤ ከ0.15 ጀምሮ ጥቂት፣ ከ0.35 መካከለኛ፣ ከ0.65 በላይ ጠንካራ ነው። በ2003 የተሻሻለው የአሰላል ደንብ ከ10,000 ሚሊሰከንድ በላይ የፈጀን ምላሽ ይሰርዛል። ከምላሾቹ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ300 ሚሊሰከንድ በታች የሆኑበት ሰው ደግሞ ውጤቱ በሙሉ ይጣላል፤ ሳያነብ ቁልፍ ሲመታ ነበር ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ስትፈትኑት የሁለቱ ውጤቶች ዝምድና 0.5 አካባቢ ነው (1 ፍጹም ተያያዥ፣ 0 ምንም ግንኙነት የሌለው ማለት ነው)። ይህ ለሺህ ሰው አማካይ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው አይበቃም። ዛሬ «ጠንካራ» የተባለው በሳምንቱ «ጥቂት» ሊባል ይችላል። ውጤቱን ለቅጥር፣ ለሹመት ወይም ለቅጣት የሚያውል ድርጅት ካለ መሣሪያውን ለማይሆን ነገር እየተጠቀመበት ነው። የፈተናው ባለቤቶች ራሳቸው ለዚህ እንዳይውል ይናገራሉ።

ብርቱካን

አመሰግናለሁ። ይህን በአማርኛ ማዘጋጀት የሚፈልግ ምን ላይ ይጠንቀቅ? የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ከመገልበጥ በቀር ማለቴ ነው።

ሚሊሰከንድ

አራት ነገር ላይ።

የቃል ርዝመት፦ «ሥራ» ሁለት ፊደል ነው፤ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ሁለት ቃል። ረጅሙን ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ አድልዎ መስሎ ይቆጠራል። በሁለቱም ወገን ያሉት ቃላት በፊደል ብዛት ተቀራራቢ ይሁኑ።

የስሞች ጾታ፦ «ደስታ»፣ «ምሕረት» ለወንድም ለሴትም ስለሚወጡ አይሆኑም። ሰው ስሙ የማን እንደሆነ ሲያስብ የሚያጠፋው ጊዜ ልኬቱን ያበላሻል። ስሞቹን ሃያ ለሚሆኑ ሰዎች አስቀድማችሁ አሳዩ፤ አንድ ሰው እንኳ ያመነታበትን አውጡ።

ጾታ የያዘ ቃል፦ የሥራና የቤተሰብ ቃላት ራሳቸው ጾታ ያልያዙ ስሞች ይሁኑ። «አስተማሪዋ» የሚል ቃል ከገባ መልሱን ይዞ መጣ ማለት ነው።

ቅደም ተከተል፦ የትኛው ጥምረት ቀድሞ መምጣቱ ውጤቱን ያዛባል። ለግማሹ ተፈታኝ አንዱን፣ ለግማሹ ሌላውን አስቀድሙ።

ጥናት አንባቢ

ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። በአንድ መቀመጫ የሚሰጥ ማስተካከያ፣ ማለትም አድልዎን ለመቀነስ የሚደረግ አጭር ልምምድ፣ ውጤቱ አጭር ነው። ካልቪን ላይና ባልደረቦቹ በ2014 አሥራ ሰባት ዓይነት ማስተካከያዎችን ጎን ለጎን ፈትነው ስምንቱ ያን ጊዜውኑ ውጤቱን ዝቅ እንዳደረጉ አሳዩ። በ2016 ዘጠኙን ወስደው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ቆይተው መልሰው ለኩ፤ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመልሷል። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በዘር አድልዎ ላይ ነው፤ ለጾታ በቀጥታ ይሠራሉ ብሎ መማል አይቻልም፤ ግን መሣሪያው ያው ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ፓትሪክ ፎርሸርና ሌሎች በ2019 ያወጡት ስብስብ ትንተና 492 ጥናቶችንና ከ87,000 በላይ ተሳታፊዎችን አካትቷል። የፈተናው ውጤት በትንሹ እንኳ ሲለወጥ፣ ያ ለውጥ የሰዎችን ድርጊት ይዞ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ «ሠራተኞቻችን ከሥልጠናው በኋላ በፈተና ተሻሽለዋል» የሚል ሪፖርት ስለ ቅጥሩም ስለ ዕድገቱም የሚነግረን የለም። ተቆጣጣሪ አካላት ይህን ሪፖርት እንደ ማስረጃ መቀበላቸውን ቢያቆሙ ደስ ይለኛል።

ቀስ በቀስ

ጥናት አንባቢ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ «አይለወጥም» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ ይሳሳታል። ከአንድ ሰው ወደ ሕዝብ፣ ከአንድ ቀን ወደ አሥር ዓመት ከሄድን ሥዕሉ ሌላ ነው።

ቴሳ ቻርልስዎርዝና ማዛሪን ባናጂ ከ2007 እስከ 2018 የተሰበሰቡ 1.4 ሚሊዮን ፈተናዎችን መርምረዋል። ወንድን ከሳይንስ ሴትን ከጥበባት፣ ወንድን ከሥራ ሴትን ከቤተሰብ የሚያያይዘው ዝንባሌ፣ ስውሩም በግልጽ የሚነገረውም፣ ከ13 እስከ 19 በመቶ ቀንሷል። ተፈታኞቹ በፈቃዳቸው ድረ ገጹን የከፈቱ ናቸውና ሕዝቡን በሙሉ አይወክሉም፤ አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም።

ሌላም አለ። ልጆች «ሳይንቲስት ሣሉ» ሲባሉ ምን ይሥላሉ? ከ1966 እስከ 1977 በተሰበሰቡት ሥዕሎች ሴት ሳይንቲስት የሣሉት ከመቶ አንድ አይሞሉም ነበር። በ2018 የወጣ፣ 78 የአሜሪካ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያሳየው ከ1985 ወዲህ በተደረጉት ድርሻው በአማካይ 28 በመቶ ደርሷል። ለእነዚያ ልጆች የስውር አድልዎ ሥልጠና የሰጠ የለም። በመማሪያ መጽሐፍ፣ በቴሌቪዥን፣ በክሊኒክ የሚያዩት ሰው ነው የተለወጠው።

በተቃራኒው የሄደም አለ። በ1946 ይፋ የሆነው ኤኒያክ ኮምፒውተር ፕሮግራም አውጪዎቹ ስድስት ሴቶች ነበሩ። በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚያገኙት ውስጥ የሴቶች ድርሻ በ1984 ወደ 37 በመቶ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ እያሽቆለቆለ ወደ 18 በመቶ ገደማ ወረደ። የሙያ ጾታ በተፈጥሮ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ አይዋዥቅም።

ጥናት አንባቢ

በዚህ እስማማለሁ። ኪት ፔይንና ባልደረቦቹም በ2017 ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ ይመስላል፤ ስውር አድልዎ በግለሰቡ ጭንቅላት ውስጥ ተተክሎ የሚኖር ሳይሆን አካባቢው በየጊዜው የሚቀሰቅሰው ነው ይላሉ። የካልቪን ላይን የ2016 መረጃ መልሰው ሲያዩት ሰዎቹ ከቀናት በኋላ የተመለሱት ወደ ራሳቸው የቀድሞ ውጤት ሳይሆን ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው አማካይ ነው። ሰው ተለውጦ ያልተለወጠ ቦታ ሲገባ፣ ቦታው ይመልሰዋል።

ወንበር

ቦታው ሲለወጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ምርጥ ማስረጃ ከሕንድ ነው፤ ምክንያቱም በዕጣ የተደረገ ነው።

ሕንድ በ1993 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከመንደር ምክር ቤት ሊቀመንበርነት አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲያዝ ደነገገች። የትኛው መንደር እንደሚደርሰው የሚወሰነው በዘፈቀደ ስለሆነ ተራው የደረሰውንና ያልደረሰውን ማወዳደር ይቻላል። ሎሪ ቢማን፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው በዌስት ቤንጋል ያጠኑት ይህን ነው። አንድ ዓይነት ንግግር በወንድ ድምፅና በሴት ድምፅ ቀርጸው ለመንደርተኛው አሰሙ። ሴት ሊቀመንበር አይተው በማያውቁ መንደሮች ወንዶቹ የሴቷን ንግግር ዝቅ አድርገው መዘኑ። ሴት ባስተዳደረችባቸው መንደሮች ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በአይኤቲም ሴትን ከቤት ሥራ፣ ወንድን ከመሪነት የሚያያይዘው ዝንባሌ ተዳከመ።

ግን ልብ በሉ፣ «ወንድ መሪ ይሻለኛል» የሚለው ምርጫቸው አልተነቃነቀም። የተለወጠው ስለ ችሎታ ያላቸው ግምት ነው። ሴቶች ኮታ በሌለበት ወንበር ተወዳድረው በብዛት ማሸነፍ የጀመሩትም ወንበሩ ለሁለት ተከታታይ ምርጫ ለሴት በተያዘባቸው መንደሮች ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አልበቃም። አንዲት ሴት ሾሞ ከሁለት ዓመት በኋላ «ሞክረን አልተለወጠም» የሚል ድርጅት የሚሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሰልጣኟ

ሥልጠናን ሁሉ በአንድ ከረጢት አትጣሉት። ሁለት ጥናት አነጻጽሩ።

አንዱ በ2019 የወጣው ነው፦ የአንድ ሰዓት የኦንላይን ሥልጠና፣ ከ3,000 በላይ ሠራተኞች፣ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት። አመለካከት በመጠኑ ተሻሻለ፤ ድርጊት ግን በአብዛኛው አልተለወጠም፤ ከሁሉ ይልቅ እንዲለወጡ የሚፈለጉት ላይ ደግሞ ከናካቴው።

ሌላው የፓትሪሺያ ዲቫይንና የሞሊ ካርንስ ቡድን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ነው። 92 የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና ክፍሎች ነበሩ፤ ግማሾቹ የሁለት ሰዓት ተኩል ወርክሾፕ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥልጠናውን በወሰዱት ክፍሎች አዲስ ከተቀጠሩት መምህራን የሴቶች ድርሻ ከ32 ወደ 47 በመቶ ሲያድግ በሌሎቹ ባለበት ቆየ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ጠርዝ ላይ ነውና (በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል) እንደ መጨረሻ ቃል አይወሰድ፤ ግን የተለካው ድርጊት ነው፤ ደግሞም በአንድ የሥራ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ነው የሠለጠኑት።

በይዘቱም ይለያል። ሁለተኛው «አድልዎ አለባችሁ» ብሎ አያቆምም፤ መደረግ ያለበትን ያለማምዳል። ግምቱ ሲመጣ ስም ሰጥቶ በሌላ መተካት። ከተለመደው ውጪ ያለ ሰው በዓይነ ኅሊና መሣል። ስለ ግለሰቡ ተጨማሪ መረጃ ሳይዙ አለመፍረድ። ነገሩን ከእሱ ወይም ከእሷ ወገን ማየት። አብሮ የሚያሠራ አጋጣሚ መፍጠር። ሠልጣኙ የትኛውን፣ መቼ፣ የት እንደሚጠቀምበት በጽሑፍ እቅድ ያወጣል።

በሥልጠና ላይ በብዛት የሚበላሸው ይህ ነው፦ አሰልጣኙ «ሁሉም ሰው ያዳላል» የሚለውን መልእክት ይደጋግምና አድማጩ አድልዎውን እንደ ተራ ነገር፣ እንደማይቀር ነገር ይዞ ይወጣል። ሁሉም ካዳላ ማን ይጠየቃል? የዚያን ግማሽ ሰዓት ለቅጥር ቅጹ ብታውሉት ይሻላል።

ቅጽ ፬

እንግዲህ ስለ ቅጹ። ብርቱካን ነገ ቃለ መጠይቅ ስላለበት ኮሚቴ ጠይቃለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሰውን አእምሮ እስክናጸዳ አንጠብቅም፤ አድልዎው የሚገባበትን ቀዳዳ እንደፍናለን።

ቀዳዳው የት እንደሆነ በቅርብ የሚያሳይ ሙከራ ልጥቀስ። ኤሪክ ኡልማንና ጄፍሪ ኮኸን በ2005 ለፖሊስ አዛዥነት ሁለት ዕጩዎችን አቀረቡ፦ ማይክል (ወንድ) እና ሚሼል (ሴት)። አንደኛው የጎዳናውን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ግን ትምህርቱ ዝቅ ያለ፣ ሌላኛው የተማረ ግን የጎዳና ልምድ የሌለው። ማይክል የተማረው ሲሆን መዛኞቹ «ለዚህ ሥራ ትምህርት ወሳኝ ነው» አሉ። ማይክል የጎዳናው ሰው ሲሆን የትምህርት ክብደት ቀነሰ። መስፈርቱ ሰውየውን ተከትሎ ሄደ። አሳሳቢው ደግሞ፣ «ፍርዴ ከአድልዎ የጸዳ ነው» ብለው በጣም የሚተማመኑት ይበልጥ ያዳሉት መሆናቸው ነው። መፍትሔው ያው ሙከራ ውስጥ አለ፤ ዕጩዎቹን ሳያዩ የመስፈርቶቹን ክብደት አስቀድመው የወሰኑት ላይ አድልዎው ጠፋ።

ስለዚህ በቅደም ተከተል፦

1. ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ከአምስት ያልበለጡ መስፈርቶች ይጻፉ፤ የእያንዳንዱ ክብደት በመቶኛ ይመደብ፤ ኮሚቴው ይፈርምበት። ከዚያ በኋላ መቀየር የለም።

2. ለሁሉም አንድ ዓይነት ከአምስት እስከ ሰባት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። «ራስህን ግለጽልን» የሚለው ይውጣ፤ ወሬው ወደ ቤተሰብና ወደ ትዳር የሚሾልከው በእሱ ነው።

3. ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፤ 1፣ 3 እና 5 ምን ዓይነት መልስ እንደሆኑ አስቀድሞ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» ብቻ ከሆነ ቅጹ ባዶ ነው።

4. ሁሉም አባል ነጥቡን ለብቻው ጽፎ ለጸሐፊው ያስረክብ። ውይይት ከዚያ በኋላ። የሥራ ኃላፊው መጨረሻ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ነጥቡን ያስተካክላል።

5. ነጥብ ሲሰጥ በሰው ሳይሆን በጥያቄ ይሂድ። የሁሉንም ዕጩዎች የአንደኛውን ጥያቄ መልስ አብራችሁ መዝኑ፣ ከዚያ የሁለተኛውን። አይሪስ ቦኔትና ባልደረቦቿ በ2016 እንዳሳዩት ዕጩ ለብቻው ሲመዘን ሰዎች በጾታ ግምት ይመራሉ፤ ጎን ለጎን ሲመዘን ግን ወደ ውጤቱ ያዘነብላሉ።

6. «ከቡድኑ ጋር አይሄድም»፣ «አመራር አይታይባትም» የሚል አስተያየት ከየትኛው ጥያቄ፣ ከየትኛው መልስ እንደመጣ ካልተጻፈ አይመዘገብም።

ደመወዝም በዚሁ ይታሰር። በ2012 በአሜሪካ 127 የሳይንስ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ማመልከቻ ተሰጣቸው፤ ለግማሹ «ጆን»፣ ለግማሹ «ጄኒፈር» ተብሎ። ለጆን በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለጄኒፈር 26,508 ዶላር አቀረቡ። ሴት ፕሮፌሰሮቹም ከወንዶቹ አልተለዩም። የደመወዝ እርከኑ በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ ይህ ክፍተት የሚፈጠርበት ቦታ ይጠብባል።

መጋረጃ

ቅጽ ፬ ስም መደበቅን አላነሡም። የኦርኬስትራው ታሪክ እኮ የታወቀ ነው፤ ተፈታኙ ከመጋረጃ ጀርባ ይጫወታል፣ የጫማ ኮቴ እንዳይሰማ ወለሉ ምንጣፍ ይነጠፍበታል።

ቅጽ ፬

ሆን ብዬ ነው ያላነሣሁት። ክላውዲያ ጎልዲንና ሴሲሊያ ራውስ ስለዚህ የመጋረጃ ፈተና በ2000 ያወጡት ጥናት ትልቅ ሥራ ነው፤ ሰው በሚጠቅሰው ልክ ግን የተረጋገጠ አይደለም። የናሙናው ብዛት ትንሽ ነው፤ በአንዳንዱ ዙር ውጤቱ በተቃራኒው ሄዷል፤ ደራሲዎቹም የቁጥሮቹ የስሕተት ክልል ሰፊ መሆኑን ጽፈዋል።

በ2017 ደግሞ የአውስትራሊያ መንግሥት ከ2,000 በላይ በሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ስም መደበቅን ሞከረ። ስም ሲታይ መራጮቹ ሴቶችን 2.9 በመቶ አብልጠው፣ ወንዶችን 3.2 በመቶ አሳንሰው ነበር የሚያሳልፉት። ስም ሲደበቅ ይህ ለሴቶች ይደረግ የነበረው ድጋፍ ጠፋ። መደበቅ አድልዎን ወደየትም አቅጣጫ ይሁን ያነሣል፤ ስለዚህ አቅጣጫውን ሳታውቁ አትደብቁ።

በአማርኛ ማመልከቻ ላይ ተጨማሪ ችግር አለ። ስሙ ቢጠፋም የድጋፍ ደብዳቤው «በትጋት ሠርታለች» ይላል፤ ጾታው ከግሱ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ማጣሪያ ደብዳቤ አይነበብ፤ የትምህርትና የልምድ ሠንጠረዥ ብቻ ይታይ። ማስታወቂያውም «አመልካቾች ማቅረብ ይችላሉ» እንዲል በብዙ ቁጥር ይጻፍ፤ «አመልካቹ ማቅረብ አለበት» የሚለው ገና ከበሩ ላይ ለማን እንደተጻፈ ይናገራል።

ነጭ ጋውን

ስለ ወንዶቹስ ማን ያንሣ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ነርሶች 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በዚህ በኩል ያለው ፍረጃ እንዲያውም ያልተነካ ነው። ማይክል ሼረርና ሌሎች በ2023 ከ1976 እስከ 2020 የተደረጉ የቅጥር ሙከራዎችን ሰብስበው ከ361,000 በላይ ማመልከቻዎችን መረመሩ። «የወንድ» በሚባሉ ሥራዎች በሴቶች ላይ የነበረው አድልዎ በዓመታት ቀንሶ በቅርብ ዓመታት ከመጥፋትም አልፎ በትንሹ ወደ ሴቶች አዘንብሏል። «የሴት» በሚባሉ ሥራዎች በወንዶች ላይ ያለው ግን በአርባ አራቱ ዓመት ንቅንቅ አላለም። ይህ የሚለካው ለቃለ መጠይቅ መጠራትን ነው፤ ዕድገትንና ደመወዝን አይነካም።

ለምን አልተነቃነቀም? አንዱ ምክንያት ደመወዝ ይመስለኛል። ሌቫኖን፣ ኢንግላንድና አሊሰን የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ ከ1950 እስከ 2000 መርምረው፣ ሴቶች በብዛት የገቡበት ሙያ ክፍያው ከዚያ በኋላ እንደሚወርድ አሳይተዋል። የእንክብካቤ ሥራ ክፍያው ካልተስተካከለ ወንዶችን በፖስተር መጋበዝ ብቻውን አያመጣቸውም። የነርስ ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው ሊያስተካክሉት የሚችሉት አለ፦ ወንድ ተማሪ በማዋለጃ ክፍል ልምምድ ላይ ምን እንደሚሠራና ታካሚዋ ፈቃዷን እንዴት እንደምትጠየቅ በጽሑፍ ደንብ ይውጣ። ደንብ ከሌለ አለማማጁ በራሱ ግምት ከበሩ ይመልሰዋል፤ ተማሪው ሙያው የእሱ እንዳልሆነ የሚማረው ያኔ ነው።

ብርቱካን

ይህ ያላሰብኩት ነበር፤ አመሰግናለሁ። ከቅጥር በፊት ያለውስ? ልጆች ላይ መቼ ይጀምራል?

ጠመኔ

እጅግ ቀድሞ። ሊን ቢያንና ባልደረቦቿ በ2017 እንዳሳዩት በአምስት ዓመታቸው ወንዱም ሴቷም «በጣም በጣም ጎበዝ» የተባለ ሰው ከራሳቸው ጾታ ነው ብለው ይገምታሉ። በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ግን ሴቶቹ ይህን ግምት ይተዋሉ፤ «ለጎበዞች ነው» የተባለውን ጨዋታም መሸሽ ይጀምራሉ። በዚያው ዕድሜ «በትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት የሚያመጣው ማነው?» ሲባሉ ሴቶቹ ራሳቸውን አያሳንሱም። ውጤታቸውን ያውቃሉ፤ ውጤትን ከጉብዝና ጋር ማያያዝ ነው የሚያቆሙት።

መምህሩም ይወስናል። ሚሼላ ካርላና በጣልያን እንዳሳየችው የሒሳብ መምህሩ ስውር የጾታ ዝንባሌ በበረታበት ክፍል ሴት ተማሪዎች ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ቀለል ወዳለው የትምህርት ዘርፍም ያዘነብላሉ። የወንዶቹ ውጤት አይነካም።

ለመምህራን የሚሆን፦ ጥያቄ ስትጠይቁ እጅ ካወጣው ብቻ አትምረጡ፤ የስም ካርድ በውዛችሁ አውጡ። ከጥያቄው በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ለወንዱ «ጭንቅላት አለህ»፣ ለሴቷ «ታታሪ ነሽ» አትበሉ፤ ለሁለቱም የሠሩትን ሥራ ጥቀሱላቸው። የፈተና ወረቀት ስሙ ከጀርባ ይጻፍ፤ ሁሉም የአንደኛው ጥያቄ ታርሞ ሳያልቅ ወደ ሁለተኛው አይታለፍ።

የሙያ ቀን ስታዘጋጁ ደግሞ በፈረንሳይ የተደረገውን አስታውሱ። ሴት ሳይንቲስቶች ለአንድ ሰዓት ክፍል ገብተው ስለ ሥራቸው ሲያወሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎችን የትምህርት ምርጫ ለውጠዋል፤ በአሥረኛ ክፍል ግን ምርጫው አልተለወጠም። ውጤት ያመጡት ስለ ሙያው የተናገሩት እንጂ «ሴቶች በዘርፉ ጥቂት ናቸው» የሚለውን የደጋገሙት አይደሉም። እንግዳዋ ስለ ውሎዋ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለምትፈታው ችግር ትናገር።

ሚሊሰከንድ

አንድ አጭር ተጨማሪ፣ ማመልከቻ በሶፍትዌር ለሚያጣሩ። ከብዙ ጽሑፍ የሚማር ማሽን የሰውን ፍረጃ እንዳለ ይወርሳል። አይሊን ካሊስካንና ባልደረቦቿ በ2017 እንዳሳዩት ማሽኑ ለአንድ ሙያ የሚሰጠው የጾታ ዝንባሌና በዚያ ሙያ ያለው ትክክለኛ የሴቶች ድርሻ ዝምድናቸው 0.9 ነው። አማዞንም በአሥር ዓመት ማመልከቻ ያስተማረውን የቅጥር ፕሮግራም «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ነጥብ ስለቀነሰ እንደተወው በ2018 ተዘግቧል። ሶፍትዌር ስትገዙ፣ ስምና ጾታ ብቻ ቀይራችሁ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ሁለቴ አስገቡና ነጥቡን አወዳድሩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ አትግዙ።

ብርቱካን

የመጨረሻ ጥያቄ። ፈተናውን ትተን ድርጅቱ ራሱን በምን ይለካ?

ቅጽ ፬

በየደረጃው በሚያልፉት ሰዎች መጠን። ምሳሌ ልስጥ፦ 120 አመልካቾች አሉ፤ 40 ሴቶች፣ 80 ወንዶች። ለቃለ መጠይቅ 24 ተጠሩ፤ 5 ሴቶች፣ 19 ወንዶች። ከሴቶቹ ያለፉት 12.5 በመቶ፣ ከወንዶቹ 23.75 በመቶ ናቸው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉት 0.53 ይመጣል። አሜሪካ በ1978 ያወጣችው መመሪያ ይህ ቁጥር ከ0.8 በታች ሲሆን አሠራሩ ይመርመር ይላል። ወንድ አናሳ በሆነበት ሙያም ስሌቱ ያው ነው፤ ገልብጣችሁ ሥሩት።

ይህን ለአራት ደረጃ ለየብቻ ሥሩ፦ ካመለከተው ወደ ተጠራው፣ ከተጠራው ወደ ተመረጠው፣ ከተመረጠው ቅጥሩን ወደ ተቀበለው፣ ከተቀጠረው በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ አደገው። ካመለከቱት ውስጥ ሴት ከሌለች ችግሩ ማስታወቂያው ላይ ወይም ከዚያ በፊት ነው፤ ኮሚቴውን ማሠልጠን አይፈታውም። ተመርጠው የማይቀበሉ ከበዙ ደመወዙንና የሥራ ሰዓቱን እዩ። ተቀጥረው ካላደጉ ደግሞ የአፈጻጸም መመዘኛውን። ሎረን ሪቬራና አንድራስ ቲልችሲክ በ2019 እንዳሳዩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ምዘና ከ10 ነጥብ ወደ 6 ነጥብ ሲቀየር ወንድ በበዛባቸው ዘርፎች በሴትና በወንድ መምህራን መካከል የነበረው ክፍተት ጠፋ። 10 ቁጥር «እንከን የለሽ ሊቅ» የሚል ትርጉም ስላለው መዛኞች ለሴት ለመስጠት ይሳሳሉ፤ 6 ግን ያን ያህል ሸክም የለውም።

ትንሽ ድርጅት ከሆነ የአንድ ዙር ቁጥር አትመኑ። ሁለት ሰው ብቻ ወዲህ ወዲያ ሲል 0.53 ወደ 0.8 ሊጠጋ ይችላል። የሦስት ዓመት ቅጥር አንድ ላይ ደምራችሁ ሥሩ፤ የነጥብ መስጫ ቅጾቹንም እስከዚያ አትጣሉ፤ ኦሪጅናሉ ከሌለ የትኛው ጥያቄ ላይ ክፍተቱ እንደተፈጠረ ማወቅ አይቻልም።